በናፍጣ መኪና የተታለሉ ባለቤቶች፦ ካሳው እንደየአገሩ ለምን ተለያየ?

ነዋሪ በፍራንክፈርት

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። ይህን ክር የከፈትኩት በናፍጣ መኪኖች የጭስ ምርመራ ማጭበርበር የተጎዱ ወገኖች፣ በጀርመንም ሆነ በአሜሪካ ያሉት፣ የሚያውቁትን በአንድ ቦታ እንዲያሰፍሩልን ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2015 ቮልስዋገን ከ2009 እስከ 2015 ባሉት ሞዴሎች፣ 482 ሺህ በሚሆኑ ባለ 2 ሊትር የናፍጣ መኪኖች ላይ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር መጫኑን ይፋ አደረገ። መኪናው እየተመረመረ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን ያጠራል፤ መንገድ ሲወጣ ግን ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቃል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩባንያው ራሱ ይህ ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን በሚሆኑ መኪኖች ውስጥ እንዳለ አመነ። ከእነዚህ ውስጥ 8 ሚሊዮን ተኩል ያህሉ በአውሮፓ፣ 2.4 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ እኔ በምኖርበት በጀርመን ነበሩ።

በአሜሪካ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ጁን 28 ቀን 2016፣ የ14.7 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ታወጀ፤ ከዚህ ውስጥ እስከ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነው ለባለቤቶች የተመደበ ነበር። መኪናውን መመለስ የፈለገ ሰው ቅሌቱ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዋጋ ይገዛለታል፤ በዚያ ላይ ከ5100 እስከ 10 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ካሳ ይጨመርለታል። እዚህ ጀርመን ውስጥ ግን ያንኑ ማታለያ የተሸከመ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያ የደረሰው ነገር ወደ ጋራዥ መጥቶ ሶፍትዌሩን እንዲያስቀይር የሚያዝዝ ደብዳቤ ብቻ ነው። ስለ ካሳ የሚያነጋግረው ሰው ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶበታል።

የእኔ መኪና የሌላ አምራች ሲሆን፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለሚገኝ ስሙን አልጠራም። ከልጆች ጋር ረጅም መንገድ ስለምንሄድ፣ ናፍጣ ከቤንዚን ስለሚረክስ፣ ሻጩም የጭሱን ንጽሕና የሚመሰክር ወረቀት ስላሳየኝ ገዛሁት። የማስተካከያ ጥሪ ሲደርሰኝ ሳላመነታ ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ ሞተሩ እንደ ድሮው አይስብም፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ማርሽ ካልቀነስኩለት ይንገታገታል፤ ነዳጁም ጨመረ። ለጋራዡ አቤት ብል ሁሉም ነገር በመመሪያው መሠረት መሠራቱን የሚገልጽ ወረቀት ሰጡኝ። ልሸጠው ብል ገዢ ሆኖ የመጣ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ማስተካከያው ተሠርቶለት እንደሆነ ነው፤ አዎ ብለውም አይደለም ብለውም ዋጋ ይቀንሳል።

አንድ ዓይነት በደል በሁለት አገሮች እንዲህ የተራራቀ ፍርድ ያገኘው ለምንድን ነው? በተለይ ሕጉን የምታውቁ እንድትመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሜሪላንዱ ሹፌር

ወንድሜ፣ የአሜሪካውን በኩል እኔ ልሙላ። ማጭበርበሩ የተጋለጠው ከእኛ ጎረቤት ግዛት በሚገኘው የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅ ነው። ሥራውን ያዘዛቸው ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ ያሰበው የአሜሪካ የናፍጣ መኪኖች በጥብቅ ሕግ ምክንያት ምን ያህል ንጹሕ እንደሆኑ ለአውሮፓ ለማሳየት ነበር። ተመራማሪዎቹ መለኪያ መሣሪያቸውን ከመኪናው ጀርባ ጭነው፣ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ጋር አገናኝተው፣ እንደ ማንኛውም ሰው መንገድ ላይ ነዱ። ፓሳት የተባለውን የቮልስዋገን መኪና ከሎስ አንጀለስ እስከ ሲያትል ድረስ ወስደውታል። በ2014 ባወጡት ውጤት ጄታ የተባለው ሌላው የቮልስዋገን መኪና ከተፈቀደው ከ15 እስከ 35 እጥፍ፣ ፓሳቱ ከ5 እስከ 20 እጥፍ ሲለቅ፣ አብሮ የተለካው የቢኤምደብልዩ መኪና ግን በአብዛኛው በሕጉ ልክ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሕጉን ማክበር የማይቻል ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ባለቤቶችን ከሁሉ በላይ ሊያስቆጣ የሚገባው ከዚያ በኋላ የሆነው ይመስለኛል። ኩባንያው በዲሴምበር 2014 ግማሽ ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለማስተካከያ ጠራ። ሰዎች ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው መኪናቸውን በእምነት አስረከቡ። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ እንደገና ሲለካ ጭሱ አልጠራም፤ ተቆጣጣሪዎቹም የ2016 ሞዴሎች የሽያጭ ፈቃድ እንደማያገኙ ሲያስጠነቅቁ ነው ኩባንያው በሴፕቴምበር 2015 መጀመሪያ ላይ እውነቱን የተናገረው። በ2017 ጥፋተኛነቱን ባመነበት የፍርድ ቤት ሰነድ ላይ እንደተመዘገበው ደግሞ፣ መሪው መዞር አለመዞሩን እያየ ምርመራን የሚለይ ተጨማሪ ዘዴ በሶፍትዌር ማሻሻያ መልክ ቀድሞ በተሸጡ መኪኖች ላይ ጭምር ተጭኗል። ባለቤቱ ይጠገንልኛል ብሎ የወሰደው መኪና ማታለያው ተሻሽሎለት ተመለሰ። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የካሳው ነገር በፍጥነት ያለቀው ክሶቹ ሁሉ ሳን ፍራንሲስኮ በዳኛ ቻርልስ ብሬየር ፊት ስለተጠቃለሉና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከባለቤቶቹ ጎን ስለቆሙ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በማርች 2016 ኩባንያውን በሐሰተኛ ማስታወቂያ ከሰሰ። እዚህ ገዢው የተሳበው ንጹሕ ናፍጣ በሚል ስም ነበር፤ የ2009ኙ የጄታ ናፍጣ የዓመቱ አረንጓዴ መኪና ተብሎ ተሸልሟል፤ ለገዢውም 1300 ዶላር የፌዴራል የግብር ቅናሽ ተፈቅዶለት ነበር። ኮሚሽኑ በ2020 እንዳስታወቀው ለሸማቾች የተመለሰው ገንዘብ ከ9.5 ቢሊዮን ዶላር በልጧል። ምርጫ ከተሰጣቸው ባለቤቶች ውስጥ ከ100 ከ86 የሚበልጡት መኪናው ተስተካክሎ እንዲቆይላቸው አልፈለጉም፤ መለሱት።

መካኒክ ከሽቱትጋርት

ለክሩ ከፋች ስለ መኪናቸው መሳብ አለመሳብ ጥቂት ልበል፤ ለረጅም ጊዜ በጋራዥ የሠራሁት በናፍጣ ሞተር ላይ ነው።

የናፍጣ ሞተር አየሩን በከፍተኛ ግፊት አጭቆ ስለሚያነድ እሳቱ እጅግ ይግላል፤ በዚያ ግለት ውስጥ የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ይህን መርዛማ ጋዝ ይፈጥራሉ። መከላከያው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የሚያስከፍለው ነገር አለ። አንደኛው ከወጣው ጭስ ከፊሉን አቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ መመለስ ነው፤ ይህ ግለቱን ቢቀንስም ጥላሸት ያበዛል፤ የጥላሸት ማጣሪያውም ቶሎ ቶሎ ስለሚሞላ ራሱን ለማቃጠል ተጨማሪ ናፍጣ ይፈልጋል። ሌላው ጋዙን የሚይዝ ወጥመድ ጭስ ማውጫው ላይ መግጠም ሲሆን፣ ያም በየጊዜው እንዲጸዳ ነዳጅ ይጨመርበታል። ሦስተኛው በጭሱ ላይ የዩሪያ ፈሳሽ መርጨት ነው። ይህ ከሁሉ የተሻለ ቢሆንም ለብቻው ታንከር ይፈልጋል፤ ገዢውም በየጊዜው መሙላት አለበት። ነዳጅ ቆጣቢነትን፣ ጉልበትን፣ ርካሽ ዋጋንና ንጹሕ ጭስን በአንድ ላይ ለደንበኛ ቃል የገባ አምራች ከአራቱ አንዱን መተው ነበረበት፤ የተዉት ደንበኛው ሊያየው የማይችለውን ነው።

ማታለያው ቀላል ነበር። በምርመራ ጊዜ መኪናው በሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ ይቆማል፤ ጎማው ይዞራል፣ መሪው ግን አይነካም፤ ፍጥነቱም ሕጉ በደነገገው ሥርዓት፣ በታወቀ ሰዓት ከፍና ዝቅ ይላል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ምልክቶች ሲያገኝ ጭስ የመመለሱን ሥራ በሙሉ ኃይል ያከናውናል፤ ምልክቶቹ ሲጠፉ ያላላዋል። እዚህ ጀርመን የተደረገው ጥገና ለባለ 2 ሊትሩ የሶፍትዌር ቅያሪ ብቻ ነበር። ለባለ 1.6 ሊትሩ ደግሞ በአየር መለኪያው ፊት መረብ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ተጨመረ፤ የሚገባው አየር እንዳይረበሽና ልኬቱ እንዲስተካከል ታስቦ ነው። ሥራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ከመጀመሪያው ለምን አልተገጠመም ብለው የሚጠይቁ ደንበኞች ብዙ ነበሩ፤ እኔም የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም።

የእርስዎ መኪና የሌላ አምራች ቢሆንም ምልክቱ ይመሳሰላል። ማስተካከያው ጭስ መመለሱን አጠንክሮት ከሆነ ቫልቩ በጥላሸት እየተደፈነ፣ ማጣሪያውም እየተጨናነቀ ሊሆን ስለሚችል ከሌላ ገለልተኛ ጋራዥ በኮምፒውተር አስነብበው ውጤቱን በጽሑፍ ይያዙት። በአጭር ርቀት ብቻ የሚነዳ መኪና ማጣሪያው ራሱን ለማቃጠል ዕድል ስለማያገኝ ይብስበታል።

የዳላሱ

ሐሳባችሁን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። መኪናው ይሄድ ነበር። ባለቤቱ ልጆቹን አድርሶበታል፣ ሥራው ሄዶበታል፣ ነዳጅ ቆጥቦበታል። በእርግጥ የተጎዳው ያንን ጭስ የሳበው መንገደኛ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቼክ አልተላከለትም። ከዚህም ሌላ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ኩባንያ ስለሆነ ነው እንዲህ የጨከነበት የሚል ጥርጣሬ አለኝ። የአገሩ አምራቾች ቢሆኑ ይህን ያህል ይቀጡ ነበር?

የሜሪላንዱ ሹፌር

ወንድሜ የዳላሱ፣ ጥርጣሬህ የብዙ ሰው ስለሆነ መመለስ ይገባዋል። ፊያት ክራይስለር ራም 1500 እና ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ በሚባሉት 104 ሺህ ያህል የናፍጣ መኪኖች ምክንያት በጃንዋሪ 2019 ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚያስወጣ ስምምነት ፈርሟል። በኢንዲያና የሚገኘው የሞተር አምራች ከሚንስ ደግሞ በራም ፒክአፖች ላይ በገጠማቸው ሞተሮች ምክንያት 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል የተስማማ ሲሆን፣ ይህም በንጹሕ አየር ሕግ ታሪክ ትልቁ የፍትሐ ብሔር ቅጣት ነው። ስለዚህ የአገሩ ልጅም አልተማረም። ከቮልስዋገን ስምምነት ውስጥም 2.7 ቢሊዮን ዶላሩ ያረጁ አውቶቡሶችንና የጭነት መኪኖችን በንጹሕ ለመተካት፣ ሌላ 2 ቢሊዮን ደግሞ ለኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያና ለመሳሰለው የተመደበ ስለሆነ፣ ጭሱን የሳበው መንገደኛ ፈጽሞ አልተረሳም።

ነዋሪ በፍራንክፈርት

መኪናው ይሄድ ነበር የሚለውን ክርክር እኔም በተከሳሹ ጠበቃ አፍ ሰምቼዋለሁ። እኔ ግን የከፈልኩት ለሚሄድ መኪና ብቻ አይደለም። ከቤንዚኑ መኪና ይልቅ ውድ የሆነውን የመረጥኩት በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አምኜ ነው። ያ ወረቀት ሐሰት እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ልጆቼን ትምህርት ቤት በር ላይ ሳወርድ ሞተሩን እያስነሳሁ አልቆምም ነበር፤ መኪናውንም አልገዛውም ነበር። መንገደኛውን የጎዳው ጭስ የወጣው ከእኔ መኪና ነው፤ እኔ ሳላውቅ፣ በእኔ ገንዘብ። ይህ የባለቤቱን ጉዳት ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ሕግ ተማሪ ከበርሊን

ጋሼ፣ ለጠየቁት ጥያቄ የምችለውን ያህል ልመልስ።

በአሜሪካ ጥቂት ከሳሾች በሁሉም ባለቤቶች ስም ሊከሱ ይችላሉ፤ ራሱን በጽሑፍ ያላስወጣ ሁሉ በክሱ ውስጥ አለ። በ2015 በጀርመን እንዲህ ያለ መንገድ ስላልነበረ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ጠበቃ ይዞ፣ የራሱን ወጪ ተሸክሞ፣ በየአካባቢው ፍርድ ቤት መቆም ነበረበት። አንዱ ፍርድ ቤት ሲፈርድለት ሌላው ያሰናብተዋል። የሸማቾች ማኅበራት ፌዴሬሽን በብዙዎች ስም እንዲከስ የሚፈቅደው ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በኖቬምበር 2018 ሲሆን፣ በዚያው መንገድ በፌብሩዋሪ 2020 የተደረሰው ስምምነት ለአንድ ሰው ከ1350 እስከ 6257 ዩሮ ያስገኛል። መኪናው ባለቤቱ ዘንድ ይቀራል።

በተናጠል ክሳቸውን የቀጠሉት ደግሞ ሜይ 25 ቀን 2020 በካርልስሩኸ ከሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ትልቅ ድል አገኙ። ጉዳዩ በ2014 በ31,490 ዩሮ ሻራን የተባለ ያገለገለ የቮልስዋገን መኪና የገዙ ሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ገዢውን ሆን ብሎ ከመልካም ምግባር ውጪ እንደጎዳ ወስኖ መኪናውን እንዲመልሱና ገንዘባቸውን እንዲቀበሉ ፈረደ። የተፈረደላቸው ግን 25,600 ዩሮ ያህል ነው፤ ቀሪው ለነዱበት ተቀነሰ። የቅነሳው ስሌት እንዲህ ነው፦ የገዙበት ዋጋ በነዱት ኪሎ ሜትር ይባዛል፤ ከዚያም መኪናው ሲገዛ ይቀረዋል ተብሎ በሚገመተው ጠቅላላ ኪሎ ሜትር ይካፈላል። በ30 ሺህ ዩሮ አዲስ የተገዛ መኪና 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ቢባል፣ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ 1 ሺህ ዩሮ ይሄዳል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ 30 ቀን ፍርድ ቤቱ ይህ ቅነሳ ካሳውን ሙሉ በሙሉ ሊበላው እንደሚችል ወሰነ። መኪናቸው ከ250 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ ከሳሽ መታለላቸው ተረጋግጦ ሳለ አንድ ዩሮ ሳይደርሳቸው ቀረ።

እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። መኪናውን አቁሞ ሌላ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው፣ ክሱ በተራዘመ ቁጥር ወደ ሥራ መንዳቱን ስለማይተው፣ ካሳውን በየቀኑ በገዛ ጎማው ይበላዋል። ክሱን ያዘገየ ወገን ግን ከዘገየበት ጊዜ ይጠቀማል። በአሜሪካም ከመደበኛው በላይ ለተነዳ መኪና ዋጋ ይቀነስ የነበረ ቢሆንም፣ መነሻው በሴፕቴምበር 2015 የነበረው የገበያ ዋጋ ስለሆነና ሁሉም በአጭር ጊዜ ስላለቀ ሰዓቱ በባለቤቱ ላይ አልቆጠረበትም።

ሌሎችም ከበር የተመለሱ አሉ። ነገሩ በሴፕቴምበር 2015 በይፋ ከተነገረ በኋላ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው፣ ጋዜጣ ባያነብም፣ ተታልያለሁ ማለት አይችልም ተብሏል። በ2015 መኪናው ከእነዚህ አንዱ መሆኑን ያወቀና እስከ 2018 መጨረሻ ያልከሰሰ ሰውም ጊዜው አልፎበታል። ቋንቋውን በቅጡ የማያውቁ ብዙ የአገራችን ልጆች የመጣላቸውን ደብዳቤ በመሳቢያ ከተው በዚህ መንገድ ቀርተዋል፤ በበጎ ፈቃድ በማገለግልበት የምክር ቢሮ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ነርስ በለንደን

በእንግሊዝ 1.2 ሚሊዮን ያህል መኪኖች በዚህ ጉዳይ ውስጥ ነበሩ። በሜይ 2022 ኩባንያው ኃላፊነቱን ሳያምን ለ91 ሺህ ከሳሾች 193 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ፤ በአማካይ ለአንድ ሰው 2100 ፓውንድ ገደማ መሆኑ ነው። ክሱን ያልተቀላቀለው ባለቤት ከዚህ ምንም አልደረሰውም።

እዚህ የባለቤቱ ኪሣራ ሁለት ጊዜ ነው የምለው በምክንያት ነው። ከ2001 ጀምሮ የመንገድ ግብሩ የሚሰላው በካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ስለነበር ሕዝቡ ናፍጣ እንዲገዛ በመንግሥት ተገፍቷል። ከዚያ በኋላ የለንደን ከተማ አየሩን ለማጽዳት ከ2019 ጀምሮ ዩሮ 6 የተባለውን መስፈርት የማያሟላ የናፍጣ መኪና በቀን 12 ፓውንድ ከ50 እንዲከፍል አደረገ፤ በኦገስት 2023 ደግሞ ክፍያው ከተማውን ሁሉ አዳረሰ። ማታለያው የነበረባቸው የአውሮፓ መኪኖች ከዚያ በፊት በነበረው በዩሮ 5 መስፈርት የተሠሩ ስለሆኑ ከፋዮቹ እነርሱው ናቸው። ከተማው ክፍያውን መጣሉን አልቃወምም፤ በምሠራበት የሕፃናት ክፍል አስም ያለባቸው ልጆች ትንፋሽ አጥሯቸው ሲመጡ አያለሁና። ይህ ጋዝ የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል፤ በፀሐይ ብርሃንም ኦዞን እንዲፈጠር ያደርጋል፤ የደቀቀ ብናኝም ይፈጥራል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ስሌት፣ በአሜሪካ ብቻ ከ2008 እስከ 2015 በተለቀቀው ትርፍ ጭስ ምክንያት 59 ሰዎች ያለ ጊዜያቸው እንደሚሞቱ ገምተዋል። በአውሮፓ የነበሩት መኪኖች ቁጥር ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መሆኑን አስቡ። የዕለት ክፍያው ሊወድቅ የሚገባው ግን ንጹሕ ነው ብሎ በሸጠው ላይ ነበር።

የቦሌው ልጅ

ውይይታችሁን ከአዲስ አበባ እየተከታተልኩ ነው። በአሜሪካ ኩባንያው መልሶ የገዛቸው መኪኖች የት ደረሱ? በርካሽ ይሸጣሉ ሲባል ሰምቼ ዘመዶቼ እንዲልኩልኝ አስቤ ነበር።

የሜሪላንዱ ሹፌር

ወንድሜ የቦሌው፣ መኪኖቹ በሚቺጋን በነበረው ፖንቲያክ ሲልቨርዶም በተባለ የተዘጋ ስታዲየም ግቢ፣ በካሊፎርኒያም ቪክተርቪል በሚገኝ የበረሃ አውሮፕላን ማረፊያና በሌሎች ብዙ ቦታዎች በመቶ ሺዎች ቆመው ነበር። በስምምነቱ መሠረት ተቆጣጣሪዎች ያጸደቁት ማስተካከያ ካልተሠራላቸው በቀር በአሜሪካ ውስጥ መሸጥም ሆነ ወደ ውጭ አገር መላክ አይፈቀድም። ይህ አንቀጽ እንደ እኛ ላሉ አገሮች የሚጠቅም መሆኑን ልብ በልልኝ፤ አለዚያ ያ ጭስ ተጭኖ ወደ አፍሪካ በመጣ ነበር። ደግሞም ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስላገደች ይህን ሐሳብ ብትተወው ይሻላል።

ነዋሪ በፍራንክፈርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ከበርሊን፣ የጻፍሽው ስለ ጊዜው የነበረኝን ጥርጣሬ አጽንቶልኛል። የእኔ ጉዳይ የቀጠሮ ቀን ተቆርጦለታል። አምራቹ ሆን ብሎ አታለለ ብሎ ማስረዳት ግን እንደ ቮልስዋገኑ ቀላል አልሆነም፤ ተከሳሹ ያደረግኩት ሞተሩን ከብርድ ለመጠበቅ ነው ይላል። ተስፋ አለው ትያለሽ?

ሕግ ተማሪ ከበርሊን

ጋሼ፣ ተስፋ አለው። የጭስ ማጥሪያውን በአየሩ ሙቀት መጠን እያላሉ ሞተሩን ለመጠበቅ ነው የሚለው መከላከያ በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጣም ጠብቧል፤ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል የሚላላ ከሆነ እንደማይፈቀድ በጁላይ 2022 ተወስኗል። በማርች 2023 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት የጭስ ደንቦቹ እያንዳንዱን ገዢ ጭምር እንደሚጠብቁ ወሰነ። ይህን ተከትሎ የካርልስሩኸው ፍርድ ቤት ጁን 26 ቀን 2023 ሆን ተብሎ መደረጉን ማስረዳት ሳያስፈልግ፣ በቸልተኝነትም ቢሆን፣ ገዢው መኪናውን ይዞ የዋጋውን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሊካስ እንደሚችል ፈርዷል። ገንዘቡ በአሜሪካ ከተሰጠው ጋር አይወዳደርም፤ የነዱበትና መኪናው አሁን የሚያወጣው ተደምሮ ከተወሰነ ልክ ካለፈም ይቀንሳል። በር ግን ተከፍቷል።

ለጠበቃዎ የግዢ ውሉን፣ ሲገዙ የነበረውን ኪሎ ሜትር የሚያሳይ ወረቀት፣ የማስተካከያ ጥሪውን ደብዳቤ ከነፖስታው፣ ጋራዡ የሰጠዎትን ጽሑፍና መካኒኩ ወንድማችን እንዳሉት የገለልተኛውን ጋራዥ ውጤት ያስረክቡ። ስሌቱ የሚዘጋው በመጨረሻው የቃል ክርክር ቀን ባለው ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ቤትዎ ሁለተኛ መኪና ካለ ረጅሙን መንገድ በእርሱ ይሂዱ፤ በችሎቱ ዕለት ጠዋትም የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ፎቶ አንስተው ለጠበቃዎ ይላኩላቸው።